ዘር ቆጣሪዎች

ባለፈው የካቲት አንድ የጎንደር ወዳጄ ሊጠይቀኝ መተማ መጥቶ ጓሮ ውስጥ ተንበርክኬ አገኘኝ። በእጄ የያዝኩት ብርጭቆ ለሦስት ቀን ሲብላላ የሰነበተ የቲማቲም ጭማቂ ነበረበት። ሽታው ደስ አይልም፤ አልዋሽም። ወዳጄ እንደኔው ግጥም የሚሞካክር ሰው ነው። አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሳቀና፣ «ባለቅኔው ዘር ማጠብ ጀመረ!» አለኝ። ሳቁን ሲጨርስም ከልቡ ይሁን ከሳቁ ትርፍ ሳላውቅ ሦስት ነገር አከታትሎ ተናገረ። አንደኛ፣ ቲማቲም ያገራችን ተክል ስላልሆነ ቅርስ ብሎ መጠበቁ ቀልድ ነው። ሁለተኛ፣ የእናትህ ዘር ከሱቅ ምርጥ ዘር ጋር ሊወዳደር አይችልም። ሦስተኛ፣ ዘር መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ትልቅ የዘር ባንክ አለ፤ አንተ የገንዘብ ባንክህን ጠብቅ።

እንግዳዬ ነውና ዝም አልኩት። ቡናውን ጠጣ፣ በማግስቱ ወደ ጎንደር ተሳፈረ። ዝምታዬ ግን አብሮት አልተሳፈረም፤ እኔው ዘንድ ቀርቶ ሲከነክነኝ ከረመ። የእርሱ ቃል የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላነሣውም ነበር። የብዙ የተማረ ሰው ቃል ነው። እኔም ራሴ ለዓመታት እንደዚያው ሳስብ ኖሬያለሁ፤ ያስከፈለኝን ዋጋ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ዘሩ ልንገራችሁ። እናቴ ከጓሮዋ የማይጠፋ አንድ ቲማቲም ነበራት። ፍሬው ክብ አይደለም፤ እንደ ዱባ ጎድን ጎድን ያለው፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ቆዳው ስስ ነው። በመኪና ተጭኖ ጎንደር ልግባ ቢል ጭልጋን ሳያልፍ ውኃ ይሆናል። በጾም ቀን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተከትፎ እንጀራ ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ወጥ አያስፈልግም። ዘሩ ከየት እንደመጣ ስጠይቃት፣ ገዳሪፍ ኖራ የተመለሰች ጎረቤት በመሐረብ ቋጥራ እንዳመጣችላት ትነግረኝ ነበር። ስም አልነበረውም። «ያ ቲማቲም» ነው የሚባለው።

ቆላ ቲማቲም ማብቀል እንደ ደጋው አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ እዚህ ያለው ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም አልቀዘቅዝ ሲል የቲማቲም የአበባ ዱቄት ይመክናል፤ አበባው ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። ስለዚህ እናቴ ዝናቡ ሊወጣ ሲል በመስከረም ትዘራለች፤ በጥቅምት ችግኙን ታዛውራለች፤ በታኅሣሥና በጥር እንበላለን። የካቲት ሲጋመስ አትክልቱ ሁሉ አበባውን ያራግፋል። ያኔ ነው የእርሷ ሥራ የሚጀምረው። እየዞረች ትመለከታለች። በዚያ ሙቀት ውስጥም እምቢ ብሎ ፍሬ የያዘ አንድ ሁለት ግንድ አይጠፋም። በእርሱ ላይ የቀይ ጨርቅ ቁራጭ ታስራለች። ያ ጨርቅ የታሰረበትን ፍሬ የነካ ልጅ ወዮለት! ለዘር ነዋ።

ፍሬው ከልክ በላይ ሲበስል ትጨምቀዋለች። የቲማቲም ዘር ልጋጋም ሽፋን አለው፤ ያ ሽፋን እርጥብ ፍሬው ውስጥ ሳለ ዘሩ እንዳይበቅል ያግደዋል። ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ ሽፋኑ ይሟሟል። ከዚያ በውኃ ታጥበዋለች፤ ፍሬ ያለው ዘር ይዘቅጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። የዘቀጠውን ጥላ ላይ አድርቃ ቅል ውስጥ ከአመድ ጋር ትከተዋለች። እኔ ይህን ሁሉ የአሮጊት ልማድ ነው ብዬ ስንቅ ኖርኩ። በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ በሙያው የተማሩ ሰዎች የሚጽፉትም ይህንኑ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዘር ግን ትቆጥር ነበር።

አሁን ወደ ወዳጄ ሦስት ክሶች ልመለስ።

«ቲማቲም ያገራችን አይደለም» ብለሃል። እውነት ነው፤ አይደለም። የዱር ዘመዶቹ ያሉት ደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ግርጌ ነው። ሰው ያላመደው ሜክሲኮ ላይ ነው፤ የአገሩ ሰዎች «ቶማትል» ይሉት ነበር። ስፓኞች በ16ኛው መቶ ዓመት አውሮፓ አገቡት። ወደ እኛ በየትኛው በር እንደገባ ለመገመት አፋችንን ማዳመጥ ይበቃል። ሹካን «ፎርኬታ» ብለን ከጣሊያን የወሰድን ሰዎች ለዚህ ፍሬ የጣሊያኑን «ፖሞዶሮ» አልወሰድንም። መረብን ተሻግረህ ብትሄድ ትግርኛው «ኮሚደሮ» ይለዋል፤ የጣሊያኑ ድምፅ ይሰማሃል። የእኛ «ቲማቲም» ግን ከዐረቡ «ጠማጢም» ጋር ጎን ለጎን የቆመ ነው። ከቤቴ ደጅ ሆኜ ጋላባትን ሳይ ይህ ቃል በዚህ በር ያለፈ ይመስለኛል።

ታዲያ በርበሬስ ያገራችን ነው? እርሱም ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ ነው። በቆሎን አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ያሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስላልደበቁት ነው። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንዳስገባው ይነገራል። ዶሮ ወጥ ፊት ቀርበህ «በርበሬው ያገሬ አይደለም» ብለህ እጅህን ከሰበሰብህ፣ ያን ጊዜ ስለ ቲማቲም እሰማሃለሁ። አንድ ዘር ያገር የሚሆነው እንዴት ነው? አንድ ሰው ተንበርክኮ ሲመርጠው፣ ሲያጥበው፣ ሲያደርቀው፣ ለከርሞ ሲያስቀምጠው ነው። በየዓመቱ የካቲት ላይ ከሙቀቱ የተረፈውን ግንድ መርጠህ ሃያ ዓመት ስትዘራ፣ ያ ተክል የመተማን ፀሐይ ተምሯል። የፔሩ ልጅ የመተማ ሰው ሆኗል። መተማም ራሷ እንዲሁ ናት፤ ከደጋ ለሰሊጥ አረም ወርዶ በዚያው የቀረ፣ ከሱዳን ተሻግሮ የተጋባ፣ ነግዶ የሰነበተ ሰው ሁሉ ያበቀላት ከተማ ናት። እዚህ አገር «መጤ» የሚለው ቃል ከሰው በፊት በቲማቲም ላይ ይውላል፤ ከቲማቲም በኋላ ግን በሰው ላይ መዋሉ አይቀርም።

ሁለተኛው ክስህ ስለ ምርት ነው። እዚህ ላይ ልከራከርህ አልፈልግም፤ ድቅል ዘር በብዛት ያፈራል፣ ፍሬው ጠንካራ ነው፣ መንገድ ይችላል፣ አንዳንዱም በሽታ ይቋቋማል። ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ቢዘራው አልነቅፈውም፤ ልጆች አሉት። እኔ የምጠይቅህ ስለ ከርሞ ነው። ድቅል ዘር ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሚወለድ ነው፤ ልጁ ያማረ ይሆናል፣ የልጅ ልጁ ግን ይበታተናል። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ከሱቅ ከገዛሁት ፍሬ ዘር አውጥቼ በማግስቱ ዓመት ብዘራው አንዱ ግንድ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጣዕም የለሽ፣ አንዱ ከነጭራሹ የማያፈራ ሆነ። የአገር ቲማቲም ግን በአብዛኛው በገዛ አበባው ዱቄት የሚዳብር ስለሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል።

በሙያዬ ልናገርህ። ከባንክ መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ሰው በዋና ገንዘብና በኪራይ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል። ዋና ገንዘብ ያለው ሰው ወለዱን ይበላል፣ ዋናው ይቀመጥለታል። የእናቴ ቅል ዋና ገንዘብ ነበር። ከአንድ ዘር አንድ ግንድ፣ ከአንድ ግንድ ስንትና ስንት ፍሬ፣ ከአንድ ፍሬ ውስጥ ደግሞ የመቶዎች ዘር፤ እንዲህ ያለ ወለድ የሚወልድ ሒሳብ በየትኛውም ደብተር ላይ አላየሁም። በየዓመቱ አዲስ ዘር የሚገዛ ሰው ግን በገዛ ጓሮው ተከራይ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል በመስኮቴ ፊት የሚሰለፈውን ሰው አያለሁ። ስንቱ ነው ለዘር የሚበደረው! ቅጹ ላይ ቤት፣ ከብት፣ መሬት፣ ዋስ የሚሞላበት ሣጥን አለ። «ያስቀመጡት ዘር አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ አንድም ቀን አላየሁም። በቅጻችን ላይ ዘር ወጪ ነው፤ ሀብት ሆኖ አያውቅም። ያንን ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝና ክሱ ለወዳጄ ብቻ አይደለም።

ሕጉ ከልክሎናል የሚለኝም አይጠፋም። በ2005 ዓ.ም የወጣው የዘር አዋጅ ቁጥር 782 ገበሬ ከማሳው ያስቀረውን ዘር መጠቀሙን፣ አነስተኛ ገበሬዎችም እርስ በርስ መለዋወጣቸውንና መሸጣቸውን ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጎ ነበር። ቅሉን ከግድግዳ ያወረድነው እኛው ነን፤ አዋጅ አላወረደውም።

እኔስ እንዴት አወረድኩት? እናቴ ካረፈች በኋላ ቅሉ በቆርቆሮው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ደመወዝ አለኝ፣ ገበያው ቅርብ ነው፣ የሱቁ ዘር በሚያምር ማሸጊያ ይመጣል፤ ለምን እደክማለሁ? ሁለት ሦስት ዓመት እንዲሁ ሄደ። በ2011 ዓ.ም በአካባቢያችን በተነሣው ግጭት መንገዱ ተዘጋ። ሱቁ ባዶ ሆነ። ያኔ ቅሉ ትዝ አለኝ። አውርጄ ፈታሁት፤ አመዱ አለ፣ ዘሩም አለ። ዘራሁት። ሳምንት ጠበቅሁ፣ ዐሥር ቀን ጠበቅሁ፣ ወር ጠበቅሁ። አንዲት ቅጠል አልወጣችም። ቆርቆሮ ሥር የከረመ ሙቀት ዘሩን ገድሎታል። እናቴን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሁንብኝ።

ሰሞኑን ሰው በስሙ ሳይሆን በዘሩ የሚጠራበት ሰሞን ነበር። ማን ምን እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የማን አያት ከየት እንደመጣ የሚቆጥሩ ሰዎች በዝተው ነበር። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ቆጣሪዎቹ ባወጡት ዝርዝር መሠረት እርሳቸውና እኔ አንድ ወገን አይደለንም። አንድ ማለዳ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እናትህ የሰጠችኝ ቲማቲም ነው፤ የአንተ አልበቅል ብሎ ስትመላለስ አይቼ» ብለው በቅጠል የጠቀለሉትን ችግኝ ሰጡኝ። ከስንት ዓመት በፊት እናቴ የሰጠቻቸውን ዘር በየዓመቱ ሲያወጡ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ያ ጎድን ጎድን ያለ ፍሬ ጥር ላይ ሲቀላ ምን እንደተሰማኝ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። እኔ የወለደችኝ ልጇ ያጠፋሁትን ዘር ዘመድ አይደሉም የተባሉት ጎረቤት አቆዩት። እንግዲህ ከሁለታችን የእናቴን ዘር የጠበቀው ማን ነው?

ሦስተኛው ክስህ የዘር ባንክ ነው። ባንክ ቤት ሠርቼ ባንክን አላጣጥልም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፀዋት ዘር ማከማቻ ማዕከል ማቋቋሟ ከማከብራቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ የስንዴውንና የገብሱን ብዛት አይቶ ተደንቋል። እርሱ በስታሊን ዘመን ሳራቶቭ እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሞት፣ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ በነበረችበት ጊዜ የተቋሙ ሠራተኞች የሰበሰቡትን እህል ሳይበሉ ከእህሉ አጠገብ በረኃብ አልቀዋል። እነዚህን ሰዎች ሳስብ የግጥም ደብተሬ ያሳፍረኛል።

ነገር ግን ባንክ ይዘረፋል። ከዚህ ድንበር ማዶ ያለውን ተመልከት። ሱዳን ዋድ መዳኒ ላይ የማሽላዋን ዘር ያከማቸችበት ማዕከል ነበራት። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከተማዪቱ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች፤ ማዕከሉም ተዘረፈ። ከሌላ ቦታ ከተቀመጠው ቅጂ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ኖርዌይ ወደሚገኘው የስቫልባርድ ማከማቻ ለመድረስ በቃ። በዚያው ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በእኛ በመተማ በር ሲገባ አይቻለሁ። ልብሱን ትቶ የመጣ አለ፤ በሻሽ ጫፍ የተቋጠረች ነገር ይዛ የመጣች እናትም አለች። ቋጠሮዋ ውስጥ ባሚያ ነበር፤ የባሚያ ዘር። ማከማቻው ሲዘረፍ ሻሿ አልተዘረፈም።

ይህን ከእኔ በፊት የተናገረ ያገራችን ሰው አለ። ዶክተር መላኩ ወረደ ማዕከሉን ለዐሥራ አራት ዓመት የመሩ ሊቅ ናቸው። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ጭምር ሲበላ አይተው፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ በገበሬው ማሳና በገበሬው እጅም ይጠበቅ ብለው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም ለዚህ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር በተቀመጠበት ቀን እንዳለ ይቆያል፤ ጓሮ ውስጥ ያለው ግን በየዓመቱ ከሙቀቱ ጋር ይማራል። ሁለቱም ያስፈልጉናል። አንዱ ለሌላው ሰበብ ሲሆን ነው የምጣላው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ልዙር። ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካን ተመራማሪዎች ይህንንና ሌላውን የወሎ ማሽላ መርምረው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት እንዳለው ለዓለም አስታወቁ። ስሙን ያወጣው ገበሬ ግን ቤተ ሙከራ አልገባም፤ እሸቱን ጠብሶ ቀመሰና በሁለት ቃል ጨረሰው። ከእኛ ግጥሞች ስንቱ ነው እንዲህ ያለ ሁለት ቃል ያለው? ስለ አፈር እንጽፋለን፤ አፈር ግን ከጥፍራችን ሥር የለም። ስለ ገበሬ እንቆዝማለን፤ የሚዘራውን ስሙን አንጠይቀውም። አንድ ዘር ሲጠፋ ስሙም ይጠፋል፤ ከስሙ ጋር ጣዕሙ፣ ከጣዕሙ ጋር ምሳሌው። በቃላት የምንኖር ሰዎች ይህ ኪሳራ ከማንም በፊት ሊሰማን ይገባ ነበር።

አገሩ በሙሉ ስለ ዘር ያወራል። ዘር በመታወቂያ ላይ፣ ዘር በመንገድ ላይ፣ ዘር በስድብ ውስጥ። የንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ደም በመጋቢት 1881 ዓ.ም የፈሰሰበት ይህ የመተማ መሬት ስለ ዘር ሲባል የፈሰሰውንም ደም ጠጥቷል። እንዲህ ስለ ዘር የሚጨነቅ ሕዝብ ግን ለከርሞ የሚዘራውን አንድ እፍኝ ከሱቅ ይጠብቃል። አንዱን ዘር ስንቆጥር ሌላውን ጣልነው።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፣ በሚቀጥለው ስትመጣ አፍንጫህን አትያዝ። ከዚያች ጎረቤቴ ችግኝ የበቀለ ዘር በቅል አለኝ፤ ቅሉም ከቆርቆሮው ግድግዳ ወርዶ በጭቃው ጎጆ ቀዝቃዛ ጥግ ተቀምጧል። እሰጥሃለሁ። ጎንደር ደጋ ነውና መጀመሪያ ይቸገር ይሆናል፤ ከተረፈው ግንድ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር። ዘሩን ስታወጣ ግን ለሦስት ሰው ሳትሰጥ ቅልህን አትዝጋ፤ ከሦስቱም አንዱ ቆጣሪዎቹ «የአንተ ወገን አይደለም» ያሉህ ይሁን። በእኔ ስንፍና የሞተው ዘር በአንዲት ጎረቤት ቸርነት ነውና የተነሣው።

ዘሬን ዘሬን ብሎ፣ አንዱ ጦር ሰበቀ፤
ዘሬን ዘሬን ብሎ፣ አንዱ ቅል ጠበቀ፤
ክረምት ገባና፣ ምድር ዘር ለመነች፤
ከሁለቱ መካከል፣ ከማን ደጅ ቆመች?